ጥማድ ሽቦና ሙቀት መዝጋቢ

«ባለብዙ ሰርጥ የቴርሞኮፕል ውሂብ ምዝግብ ማስታወሻ።» አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ይህን ሐረግ ደጋግሞ ቢያነበው ስለምን እንደሚናገር አይገባውም። ቃላቱ አንድ በአንድ ከስልክና ከኮምፒዩተር ማውጫ የተለቀሙ ናቸው። ስልካችን «ሰርጥ» ሲል ሰምተን ዝም አልን፣ «ምዝግብ ማስታወሻ» ሲልም ዝም አልን። አሁን ሁሉም ተሰብስበው የአንድ መሣሪያ ስም ሊሆኑ ነው።

መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ነው። ስምንትም አሥራ ስድስትም ሽቦ ይሰካበታል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ጫፉ ያረፈበትን ቦታ የሙቀት መጠን ይነግረዋል፣ እሱም ከነሰዓቱ ይይዛል። ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ ትልቅ ሆስፒታል አለ። በእንዲህ ያለ ቦታ የመድኃኒትና የክትባት ማቀዝቀዣ ጉዳይ የዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ሲሞቅ የሚበላሽ አለ፤ እንደ ፔንታቫለንትና እንደ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በረዶ ሲሠራ የሚበላሽ አለ። በተለመደው አሠራር ባለሙያዋ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር አይታ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመለስ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ደግሞም የበሩ አጠገብ፣ የማራገቢያው ፊትና የጣሪያው ጥግ ሙቀታቸው እኩል አይደለም። ብዙ ሽቦ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። «ውሂብ» ከግእዙ «ወሀበ» የመጣ ነው፤ ሰጠ ማለት ነው፣ «ሀብት» የምንለውም ከዚሁ ግንድ ይወለዳል። ያወጡት ሰዎች ላቲኑ «ዳቱም» «የተሰጠ» ማለት መሆኑን አይተው ያንኑ በግእዝ የደገሙት ይመስላል። ሐሳቡ የተማረ ነው። ይሁንና በግእዝ ሰዋስው «ውሂብ» ማለት መስጠት ነው፤ የተሰጠውን ነገር ለማለት «ውሁብ» ነበር የሚባለው። ይህን ትቼው ብል እንኳ እዚህ ቦታ ምን ይሠራል? መሣሪያው የሚይዘው የታወቀ ነው፤ ሙቀት ነው። «ሙቀት» ካልን ውሂብም ዳታም አያስፈልግም።

«ሰርጥ» ደግሞ ይብሳል። ሰርጥ ስንል የጋዛ ሰርጥ ይመጣብናል፤ ጠባብ መተላለፊያ፣ ቀጭን መሬት። መርከበኛና ጂኦግራፊ አስተማሪ ይጠቀሙበት። ሽቦ የሚገባበትን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁሉ «መስመር» ይለዋል፤ የስልክ መስመር፣ የመብራት መስመር። ባለ ስምንት መስመር ካልን ማንም አይሳሳትም።

«ምዝግብ ማስታወሻ» ግን ከሁሉ ያናድደኛል። ምዝግብ የተመዘገበ ነው፣ ማስታወሻ ደብተር ነው። መዝጋቢውን ትቶ የተመዘገበውን ይጠራል! ሥሩ ደግሞ እጅግ የሚያምር ነበር። በግእዝ «ዘገበ» አከማቸ ነው፣ «መዝገብ» የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው፤ ዘገባውም ዘጋቢውም መዝገበ ቃላቱም ከዚያ ወጡ። የቁጥር ክምችት ለሚይዝ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ሥር ከየት ይመጣል?

«መመዝገቢያ» የሚሉ አሉ፤ ቅርብ ነው፣ እኔ ግን «መዝጋቢ» እላለሁ። ሕዝቡ ራሱ መንገዱን አሳይቶናል። በየግቢው ያለውን የውሃና የመብራት መሣሪያ «ቆጣሪ» ብሎ ሰየመው፤ «መቁጠሪያ» ግን ጸሎተኛው በጣቱ የሚያንቀሳቅሰው ነው። አንዱ ራሱ ይቆጥራል፣ በሌላው ሰው ይቆጥርበታል። «ማቀዝቀዣ»ስ ራሱ እየሠራ «አቀዝቃዥ» ያልተባለ ለምን? የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሕጉ ሁሉን አይገዛም። ነገር ግን ማሽኑ በሚጠብቅና በሚጽፍ ሰው ቦታ ሲተካ የቆጣሪን መንገድ መከተል ይሻላል። መመዝገቢያ ቢባል ደብተር ይመስላል።

የቀረው «ቴርሞኮፕል» የሚባለው ሽቦ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍና ጫፋቸው ተበይዶ በሁለቱ ዳር የሙቀት ልዩነት ሲኖር ጥቂት ቮልቴጅ ይወለዳል። ኬ በሚባለው ዓይነት በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት ያህል ነው። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1821 ያስተዋለው ቶማስ ዜቤክ ማግኔታዊ ነው ብሎ በማግኔት ስም ጠራው፤ «ቴርሞኤሌክትሪክ» ያለው ሌላው ሊቅ ኧርስቴድ ነው። ያገኘው ሰው እንኳ በስሙ ተሳስቷልና ስም ሲወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «የሙቀት ጥንድ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ሙቀት ሁለት ሆኖ የተቀመጠ ያስመስለዋል። «ጥንድ» ደግሞ እንደ ጫማ ለሚመሳሰል ይስማማል፤ እነዚህ ሽቦዎች ግን ቢመሳሰሉ አይሠሩም። ስለዚህ «ጥማድ ሽቦ» እላለሁ። ጥማድ በሬ በቀንበር የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቀይ ሌላው ጥቁር ቢሆን ማን ከለከለው? ፍሬ ነገሩ መጠመዱ ነው።

ባትሪን፣ ፊውዝን፣ ትራንስፎርመርን እንዳሉ ተቀብለናል፤ ቴርሞኮፕልንም ሠራተኛው በአፉ ቢለው አልጣላውም። በጽሑፍ ግን አማርኛ ይችላል። እዚያው ልደታ ያለው አንጋፋ የሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ይባላል፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው፣ ብረት ቀጥቃጩም ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ግእዙ ከብዶት አያውቅም። «ወዛደር»ና «ርዕዮተ ዓለም»ም በጊዜያቸው አዲስ ቃላት ነበሩ።

አንድ ቃል ይቀራል፤ ሽቦው ከመሣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ጥማድ ሽቦ የሚናገረው ልዩነት ብቻ ስለሆነ መሣሪያው የራሱን ዳር ሙቀት ለብቻ ለክቶ መደመር አለበት። ይህን ቦታ «ቀዝቃዛ መጋጠሚያ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ስሙ ምድጃ ሲለካ ይስማማል። የሽቦው ጫፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ግን ውጭ ያለው መጋጠሚያ ከጫፉ ይልቅ ሞቃት ነው። «መነሻ መጋጠሚያ» ቢባል በምድጃውም በማቀዝቀዣውም ይሠራል።