የበርበሬ ቅላት ከየት መጣ

የአገራችን ገበታ ያለ በርበሬ አይታሰብም፤ «ቀይ ወጥ» የሚለውም ስም የመጣው ከበርበሬው ቅላት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በርበሬን እንደ ጤፍና እንደ እንሰት ከጥንት ጀምሮ ከእኛ ጋር የኖረ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን የአክሱም ነገሥታት ማዕድ ይህን ቅላት አያውቀውም ነበር።

በርበሬ የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው። የሜክሲኮ ሕዝብ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አላምዶታል። ኮሎምቦስ በ1492 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ የእስፓኝና የፖርቱጋል መርከቦች ዘሩን ወደ አውሮፓ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ህንድ አዳረሱት። ከዚያ በፊት ምግብን የሚያቃጥሉት እንደ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝና ዝንጅብል ያሉት ቅመሞች ነበሩ።

ፍሬው ለጋ ሳለ አረንጓዴ ነው። ሲበስል አረንጓዴው ቀለም ይፈርስና በስፍራው ካፕሳንቲን የተባለው ቀይ ቀለም ይተካል። ይህ ቀለም እንዲሠራ የሚያደርገው ባሕርይ በዘሩ ውስጥ ከተበላሸ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለዱር በርበሬ ቅላቱ ወፍ መጥሪያ ነው፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውምና ፍሬውን ውጠው ዘሩን ይበትናሉ።

ቅላቱን የሰጠ ተፈጥሮ ቢሆንም መጠኑን የወሰነው ገበሬው ነው። በምዕራብ ሸዋ የጎጆ አገር ብርዳም ደጋ ስለ ሆነ ገብስና ድንች ይስማማዋል፤ በርበሬ ግን ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ በርበሬ የሚታወቅበት ስፍራ አምቦንና ጌዶን አልፎ በነቀምት መንገድ የሚገኘው ባኮ ነው። «ባኮ ሎካል» የተባለው ዝርያ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን «ማረቆ ፋና» ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ገበሬው ከዓመት ዓመት ለከርሞ ዘር የሚያስቀረው ደስ ያሰኘውን ዛላ ነውና፣ ይህን የመሰለ ልዩነት የሚያጸናው የእርሱ ምርጫ ነው። እናቶችም ዛላውን በወጉ አድርቀው፣ ቀንጥሰውና ከቅመም ጋር አስፈጭተው ቅላቱን ያቆዩታል። ዱቄቱ ለፀሐይና ለብርሃን ሲጋለጥ ቀለሙ ይፈዛልና በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡታል።

ቅላት የጥራት ምልክት ሆኖ በመቆጠሩ አታላይ ነጋዴ በዱቄቱ ውስጥ የሸክላ ትቢያ እስከ መቀላቀል ደርሷል። ገዥው በዓይኑ ብቻ ከመረጠ የገበሬው ምርጫና የእናቶች ድካም በትቢያ ይተካል። ስለዚህ የበርበሬን ቅላት ስንመዝን ሽታውን፣ ጣዕሙንና የመጣበትን ዛላ አብረን ልንጠይቅ ይገባል። በርበሬ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቢሆንም፣ የአገር ያደረገው ዕድሜው ሳይሆን ይህ ሁሉ ድካም ነው።