ለጥቂት

በ2001 ዓ.ም. ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ወደ ውጭ ስሄድ የተሳፈርኩበት የባዕድ አገር አውሮፕላን (የአየር መንገዱ ስም ይቆየን) አንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ላይ ሊያርፍ ተቃርቧል። የማኮብኮቢያው መብራቶች በመስኮት ይታያሉ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሯ የወጣች ነበረች፤ ከተነሣን ጀምሮ ፓስፖርቷን ከእጇ አላወረደችም። ጎማው መሬት ሊነካ ነው ስንል ሞተሩ አጓራ፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ መብራቶቹም ከእግራችን ሥር ራቁ። ‹‹ጋሼ፣ ምን ሆነ?›› አለችኝ ክንዴን ጨምድዳ። ምን ብዬ ልመልስላት? እሷ ‹‹እመቤቴ ድረሺ!›› ስትል እኔም በልቤ ተከተልኳት። አብራሪው በድምፅ ማጉያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ተናገረ፤ ግማሹ አልተሰማም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሰላም አረፍን። ተሳፋሪው አጨበጨበ።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ከጉባኤው ተመልሼ ለባልደረቦቼ ስተርክ ግን ‹‹ጎማው መሬት ነክቶ ተመለሰ›› አልኩ። በሳምንቱ ለዘመዶቼ ‹‹አንዱ ሞተር ሳይጠፋ አልቀረም›› ማለቴ ትዝ ይለኛል። ወር ሳይሞላው አክስቴ ዘንድ ቡና ልጠጣ ብሄድ፣ አንዲት ጎረቤት እኔ መሆኔን ሳታውቅ እሳት በተነሣበት አውሮፕላን ውስጥ ስለነበረ አንድ አስተማሪ አወራችኝ። እኔ ነኝ ለማለት አፈርኩ።

ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ለማረፍ ተቃርቦ እንደገና መነሣት አብራሪዎች በየጊዜው የሚለማመዱት ተራ ነገር ነው። ከፊት ያረፈው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ካልወጣ፣ ነፋሱ ከተለወጠ፣ ወይም አብራሪው አቀራረቡ ካላማረው ዞሮ ይመለሳል። ማለትም እኔና ያቺ ልጅ ‹‹ሞትን›› ያልንበት ቅጽበት ምናልባት የበረራው ጥንቁቅ ቅጽበት ነበር። ‹‹ምናልባት›› ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ታሪክ ፍጻሜ ያሻዋል እል ነበር። የአማርኛው ‹‹ሊሆን ነበር›› ግን ፍጻሜ የለውም። ሊወድቅ ነበር፣ አልወደቀም። ሊጋጩ ነበር፣ አልተጋጩም። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ያለን ቃል ‹‹ለጥቂት›› ነው፤ ለጥቂት ተረፈ፣ ለጥቂት አለፈ። ጋዜጠኛ ከዚህ ቃል ጋር አይስማማም። ወይ ‹‹ለጥቂት››ን አግዝፎ ፍጻሜ ያስመስለዋል፣ ወይ ምንም አልሆነም ብሎ ይተወዋል። በመካከል ያለውን፣ ያ ‹‹ጥቂት›› ምን ያህል እንደነበረና ከየት እንደመጣ፣ የሚጠይቅ እምብዛም አላየሁም።

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። ‹‹ንግሥተ ሳባ›› የሚል ስም የተሰጠው የአየር መንገዳችን ድሪምላይነር ሰው ሳይኖርበት ከስምንት ሰዓት በላይ ቆሞ ሳለ በስተጀርባው ጣሪያው ላይ እሳት ተነሣ። የተጎዳ ሰው የለም። ሂትሮው ግን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማኮብኮቢያዎቹን ዘጋ፤ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ቀረጹ፤ በአረፋ የተከበበው አውሮፕላን ባለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጅራቱን እንዳቆመ በዓለም ቴሌቪዥኖች ሁሉ ታየ። የቦይንግ አክሲዮን በዚያው ቀን ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ድሪምላይነር በባትሪው ጠንቅ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ ነበር፤ በሚያዝያ ወደ መደበኛ በረራ ሲመለስ ቀዳሚውም የእኛ አየር መንገድ ነበር። የሂትሮው እሳት ግን ከዚያ ባትሪ ጋር አይገናኝም። የእንግሊዝ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት እንዳሉት፣ አውሮፕላን ቢወድቅ ቦታውን ለአዳኞች የሚጠቁመው ትንሽ መሣሪያ የባትሪው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ሊያድን የተቀመጠው ነገር አቃጠለ! ይህን ሪፖርት ከባለሙያ ሌላ ስንት ሰው እንዳነበበው እንጃ። ሄሊኮፕተር የለውማ።

በዚያ ሰሞን ሻይ ቤት ውስጥ ያለነው ደግሞ በሁለት ጎራ ተከፈልን። አንደኛው ጎራ ‹‹ምቀኞች ናቸው፤ የአፍሪካ አየር መንገድ ቀደመ ብለው ነው›› አለ። ሁለተኛው ‹‹ድሮ ቀረ፤ ያ አየር መንገድ አሁን የለም›› አለ። እኔ የመጀመሪያው ጎራ ውስጥ ነበርኩ፤ ምክንያትም አለኝ። ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመጋቢት በአሥመራ በኩል ካይሮ የበረረ ድርጅት፣ በሦስት መንግሥታት ሥር ሳይዘጋ የቆየ፣ በአገራችን ብዙ የለንም። በሌላው ነገር ሁሉ የምንጣላ ሰዎች በእሱ እንስማማለን። ስለዚህ ማንም ሲነካው የእናታችንን ስም የጠራ ይመስለናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንላለን።

ብቻ ሁለቱም ጎራ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ ‹‹ምን ሆኖ ነው?›› ብሎ አይጠይቅም። መልሱን ከወሬው በፊት ይዟል።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣው በረራ መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ማረፊያውን አልፎ ሄደ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ቢጠሩ መልስ የለም። የአቪዬሽን ዜና ምንጮች እንደዘገቡት ሁለቱም አብራሪዎች ተኝተው ነበር፤ የቀሰቀሳቸውም አውቶፓይለቱ ሲቋረጥ የጮኸው ደወል ነው። ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ ለጊዜው የሬዲዮ ግንኙነት መቋረጡን ገልጾ፣ ሠራተኞቹን ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ ማገዱን አስታወቀ። ዓለም ሳቀ፤ እኛም ቀልድ ፈጠርን። እኔ ራሴ አንዱን ለሦስት ሰዎች ልኬአለሁ። ሁለት ሠልጥነው የተመረቁ ሰዎች እኩል እንቅልፍ ከጣላቸው ግን መጠየቅ ያለበት ከዚያ በፊት ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ ነው። ድካም የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ አገር ችግር አይደለም፤ በየአህጉሩ አብራሪዎች የሚያነሡት ነገር ነው። እኛ ግን ቀልዱን ጨርሰን ወደ ሌላ ወሬ ሄድን።

እዚህ ላይ የመግለጫዎቻችንን አማርኛ ሳልነካ ባልፍ ሙያዬ ይቀየመኛል። ‹‹መጠነኛ የቴክኒክ ችግር›› የምትባል ሐረግ አለች። ችግሩን ማን ለክቶ ነው መጠነኛ ያለው? ‹‹ቴክኒክ››ስ ምን ማለት ነው፤ ጎማ ነው፣ ክንፍ ነው? የተደበቀ ነገር እንዳለ የሚያስጠረጥረው ራሱ ቃሉ ነው። ሰው ልቡ ካላመነ በራሱ እሳት ይጨምርበታል፤ እኔ አክስቴ ቤት የደረሰውን እሳት እንደጨመርኩት።

ነገሩ ከወሬና ከቃል ያለፈ መሆኑን የተረዳሁት ሁለት አደጋዎችን ጎን ለጎን ሳነብ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ነው። ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የቲ.ደብሊው.ኤ. 514ኛ በረራ ወደ ዋሽንግተን ሲቃረብ ተራራ መታ፤ 92 ሰዎች ሞቱ። (እዚህ አገር ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ከተገደሉ ሳምንቱ ነው፤ የእኛ ጋዜጦች የራሳቸው ሬሳ ነበራቸው።) ቲ.ደብሊው.ኤ. እንግዲህ አየር መንገዳችንን ሲቋቋም እጁን ይዞ ያስጀመረው ኩባንያ ነው። የአደጋው መንሥኤ አንድ ቃል ነበር ማለት ይቻላል። ተቆጣጣሪው ለማረፍ መቃረብ እንደተፈቀደ ሲናገር አብራሪዎቹ ወደ 1,800 ጫማ መውረድም የተፈቀደላቸው መሰላቸው። ልብ የሚሰብረው ግን ይህ አይደለም። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ ያንኑ ቃል በዚያው መንገድ ተረድተው፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት አልፈውት ነበር። ለኩባንያቸው ነገሩ፤ ኩባንያውም ለራሱ አብራሪዎች አስታወቀ። ቲ.ደብሊው.ኤ. ግን አልሰማም። ያ ‹‹ለጥቂት›› ለ92 ሰዎች ሕይወት የሚበቃ ዕውቀት ይዞ በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ ቀረ።

አሜሪካኖች ከዚህ በኋላ ያደረጉት ያስገርመኛል። አብራሪውም ተቆጣጣሪውም የራሱን ስሕተት የሚጽፍበት ሥርዓት አበጁ። መጀመሪያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ሊሰበስበው ሞከረ፤ የሚቀጣህን ሰው አምነህ ትናዘዛለህ? አልሆነም። ስለዚህ በ1968 ዓ.ም. ሥራው ሊቀጣም ሊሾምም ለማይችለው ለናሳ ተሰጠ። ናሳ ስሙን ቆርጦ ይጥላል፣ ስሕተቱን ያትማል። እስከ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ገብቷል። አንድ ሚሊዮን ‹‹ለጥቂት››! የፊት ገጽ ዜና የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ መሆንም የለበትም። የአየር ጉዞን ያቀናው ግን በአመዛኙ ይህን የመሰለ የማያስደነግጥ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ቤታችን ድረስ ይመጣል። ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ የላየን ኤር 737 ማክስ ከባሊ ወደ ጃካርታ ሲበርር አፍንጫው ወደ መሬት መደፋት ጀመረ። አንዱ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር እየላከ፣ አብራሪዎች ስለመኖሩ እንኳ ያልተነገራቸው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት አውሮፕላኑን ይደፋዋል። በአብራሪዎቹ ክፍል በእንግድነት የተቀመጠ ሦስተኛ ፓይለት ነበር። የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር አጠፉት፤ የካፒቴኑ መሪ እስከ መጨረሻው እየተንቀጠቀጠ ጃካርታ ገቡ። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። አብራሪዎቹ በመዝገብ ላይ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች አለመስማማታቸውን ጻፉ፤ መሪው መንቀጥቀጡንና ሞተሩን ማጥፋታቸውን ግን አልጻፉም። በማግሥቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን በሌሎች አብራሪዎች ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ። 189 ሰዎች።

የዚያ ማታ በረራ ዝርዝር በኅዳር በወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ውስጥ ነበር። ሦስተኛ ሰው በክፍሉ እንደነበረ ግን ዓለም በሰፊው የሰማው በመጋቢት፣ የእኛ 302ኛ በረራ መጋቢት 1 ቀን ቢሾፍቱ አጠገብ ከ157 ሰዎች ጋር ከወደቀ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያው ወሬ ስለ ረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት ማነስ ነበር። በግንቦት በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ እንደራሴ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ይወጡት ነበር እስከ ማለት ደረሰ። በገዛ አገራችን ሻይ ቤት ደግሞ ያው ሁለት ጎራ ተሰለፈ። በኋላ ምርመራው ኤምካስን ሲያጋልጥ የኔ ጎራ አሸነፈ፤ ‹‹አላልንም?›› ተባባልን። እንዲህ ያለ ማሸነፍ ምን እንደሚባል አላውቅም። ከቢሾፍቱ የመጣውን አፈር ሣጥን ውስጥ አድርገው በሥላሴ የቀበሩትን እናቶች በቴሌቪዥን አይተናል።

ከዚያ ወዲህ ያቺን የባሕረ ሰላጤ ምሽት ደጋግሜ አስባታለሁ። የዚያች ልጅ ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም፤ በመሸጋገሪያው አዳራሽ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ሰው ተቀብሎ ወሰዳት። ያን ቀን ለምን ሳናርፍ እንደተመለስን፣ ማኮብኮቢያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ይኑር፣ ነፋስ ይሁን፣ ወይም የባሰ ነገር፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለማወቅም አልሞከርኩ። ለአየር መንገዱ አንድ ደብዳቤ ግን ጽፌአለሁ፤ ሁለት ገጽ የሞላ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። ስለ ሻንጣዬ መያዣ መቆረጥ ነበር።