በዑራኤል ዋዜማ የተወሰዱት ቄስ

ሰሞኑን ከአንድ የድሮ ጎረቤቴ ጋር ዑራኤል አካባቢ ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። ሁለታችንም የካዛንቺስ ልጆች ነን። ሰፈራችን በ2017 ዓ.ም. መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ስንገናኝ ሌላ ወሬ የለንም። የእከሌ ሱቅ እዚህ ጋ ነበር፣ የእነ እከሊት ግቢ እዚያ ጋ ነበር እያልን በጣታችን ጠረጴዛው ላይ ካርታ እንስላለን። የሰፈሩ ስም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች እንደመጣ፣ ቂርቆስም የታቦቱን ስም ይዞ እንደቀረ እናወራለን። ወዳጄ በመሃል «ለመሆኑ ሰፈር ሲፈርስ ታሪኩ የት ይገባል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ሰፈሩ ቆሞ እያለስ ታሪኩን መች አወቅነው?»

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከተቀመጥንበት ብዙ ሳይርቅ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ አንድ ቄስ እዚያ አገልግለው ሲወጡ ተወሰዱ። በማግስቱ ወርኃዊው ዑራኤል ነበር። እኔ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነኝ። ሴት አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ለአባቴ በጆሮው «የጴንጤዎቹን ትልቅ ቄስ ወሰዷቸው አሉ» ስትለው ትዝ ይለኛል። አባቴ መልስ አልሰጣትም፤ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። በዚያ ዘመን ሰው ተወሰደ ሲባል «ማን ወሰደው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠየቀው «አንተ ከማን ሰማህ?» ነበር።

እኒያ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1929 ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። ቅስና የተቀበሉት በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተች። ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተሻግረው በሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ከ1963 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) ሥነ መለኮት አጠኑ። ጊዜው አሜሪካ በጥቁሮች የእኩልነት ጥያቄ የምትታመስበት፣ የሲቪል መብቶች ሕግም የወጣበት ነበር። በተመለሱበት ዓመት የቤተ ክርስቲያናቸው ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ሥራ ላይ ሳሉ ሞቱ።

በዩኒቨርሲቲ ሚዛን ከለካናቸው ይህ የአንድ ትልቅ ምሁር ታሪክ አይመስልም። ወንበር ይዘው አላስተማሩም፣ ወፍራም መጽሐፍም አላሳተሙም። የጻፉት የቢሮ ጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ ሪፖርት። ዛሬ ሥነ መለኮት የሚያስተምሩ ሰዎች ስማቸውን የሚያነሱት ግን በእነዚሁ የቢሮ ወረቀቶች የተነሳ ነው።

ዋነኛውን ልጥቀስ። ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። የሐሳቡ ዋና አመንጪ ቄስ ጉዲና ናቸው። ጉዳዩ ገንዘብ ነበር። የምዕራብ ለጋሾች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ በደስታ ይሰጣሉ። ወንጌላዊ ላሰልጥን፣ የጸሎት ቤት ልሥራ ሲሏቸው ግን «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው» ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ለምኖ ወይ ተለማምጦ ያልፈው ነበር። ደብዳቤው ግን ገንዘቡን ትቶ ሐሳቡን ያዘ። ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከፍሎ፣ ለአንዱ በጀት መድቦ ሌላውን ማስራብ ከየት የመጣ ትምህርት ነው ሲል ጠየቀ። እኛ ዘንድ ሰው አንድ ነው፤ ሆዱ የጠገበ ውስጡ ግን የባዶ ሰው ልማት ምን ዓይነት ልማት ነው ሲል ሞገተ።

እስቲ አስቡት። ተቀባዩ ለሰጪው «የምትሰጠኝን ስትከፋፍል እኔን ራሴን ከፋፈልከኝ» ሲለው! ለማኝ የሚሰጠውን አይመርጥም በሚባልበት ዓለም ይህ ድፍረት ነው። ደግሞም ሰሚ አገኘ። በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ላይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ይዟል።

አብዮቱ ሲመጣ ቄስ ጉዲና መጀመሪያ የተቃውሞ ሰው አልነበሩም። የመሬት አዋጁን በደስታ ከተቀበሉት ወገን ነበሩ፤ የወለጋ ገባር ምን ይመስል እንደነበር ያውቃሉ። በ1967 ዓ.ም. ክረምት ለቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ለአቶ አማኑኤል አብርሃም በጻፉት ማስታወሻ፣ ከውጭ ገንዘብና ከውጭ ሚሲዮናዊ ጥገኝነት መላቀቅን፣ ለዚህ አገር ሰው የሚሆን ሥነ መለኮት ማሰብን፣ ክርስቲያን በፖለቲካ ውስጥ ያለውን ቦታ ሁሉ አንስተዋል። ከዚያ ግን ወንበሩ የያዘው ሰው እግዚአብሔር የለም ማለት ጀመረ፤ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት አፈ ቀላጤ እንድትሆን ተፈለገ። እዚህ ላይ እምቢ አሉ። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድነት የሚቆም ምክር ቤት ለማቋቋም ደከሙ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራች መሆናቸው ደግሞ በመንግሥቱ ዓይን ሌላ ጥርጣሬ ጨመረባቸው።

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታሰሩ፣ ሁለት ጊዜም ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። በመጨረሻዎቹ ወራት ክርስቲያን በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ የጻፉት ወረቀት ላይ፣ ናዚዎች የሰቀሉትን ጀርመናዊ የሥነ መለኮት ሰው ቦንሆፈርን ያነሳሉ። ቦንሆፈርም አሜሪካ ሄዶ መትረፍ ሲችል ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ማንን እንደሚያነቡ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሐምሌ 21 የተወሰዱት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ነው። እሳቸውን ከከተማ ውጪ ጣሏቸው፤ ባላቸውን ገደሉ። በኋላ ወይዘሮ ፀሐይም ታስረው አሥር ዓመት ገደማ በእስርና በግርፋት አሳለፉ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ አያቴ በሕይወት ብትኖር እነግራት ነበር። ቄስ ጉዲና በተገደሉ በ17 ቀናቸው፣ ነሐሴ 8 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው የነበሩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። የሁለቱም አጽም ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። በሰፈራችን «ጴንጤ» የተባለ ልጅ ድንጋይ ይወረወርበት ነበር፤ እኔም ወርውሬያለሁ። እኛ ልጆቹ በድንጋይ ስንለያይ ገዳዩ ግን የሁለቱን አባቶች አንገት በአንድ ክረምት፣ ያለ ልዩነት ቆጠረው።

ከድንጋዩ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ጊዜ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ በቄስ ጉዲና ደብዳቤዎች ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ልሥራ ብሎ ጠየቀኝ። «ይሄ ስብከት ነው፤ ሴሚናሪ ሂድ» አልኩት። አንድም ገጽ አላነበብኩም ነበር። ልጁ አልተከራከረኝም፤ እጅ ነስቶ ወጣ፣ ሌላ ርዕስ ያዘ፣ ተመረቀ። ከዓመታት በኋላ የቄሱ ጽሑፎች ተሰብስበው የታተሙበትን መጽሐፍ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ ሳነብ፣ ያኔ ለልጁ የሰጠሁት መልስ አሳፈረኝ። ለተማሪዎቼ ስለ ሐተታ አጻጻፍ አስተምር የነበረው ሁሉ እዚያ ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነው፣ ማስረጃው በቦታው ነው፣ ቁጣው በልጓም ነው።

የኢትዮጵያን ወንጌላውያን ታሪክ ማን ጻፈው ብለን ብንጠይቅ፣ ቀድመው የሚመጡት ስዊድናዊው ጉስታቭ አሬንና ኖርዌያዊው ኦይቪንድ አይዴ ናቸው። አሬን እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውን ትልቅ ጥናታቸውን በ1978 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ፤ ቄስ ጉዲና ከመገደላቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የአይዴ መጽሐፍ ደግሞ በአብዮቱና በመካነ ኢየሱስ ላይ የተጻፈ ነው። እግዜር ይስጣቸው። በኋላ እንደ ጥበበ እሸቴ ያሉ የራሳችን የታሪክ ሰዎችም በወንጌላውያኑ እንቅስቃሴ ላይ በሰፊው ጽፈዋል። ቢሆንም በር ላይ ቆሞ «ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል እንደ እኔ ያለ መምህር ስንቱን እንደመለሰ ማን ይቆጥራል? ለጋሾቹ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብለው እንደከፈሉት ሁሉ እኔም ዕውቀትን መንፈሳዊና ዓለማዊ ብዬ ከፍዬ አንዱን አስርቤያለሁ።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው ጸጥ ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ተማሪህን አግኝተኸው ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ፈልገው እንጂ!» አለና ሒሳቡን ከፈለ።

ስንወጣ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ወዳጄ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ አየት አደረገና፣ በልማዱ የማን ቤት የት እንደነበር ሊነግረኝ ጣቱን አነሳ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል አዞረው። «የወሰዷቸው በየትኛው በር ሲወጡ ነው?» አለኝ። መንገዱን ተሻገርንና ልናይ ሄድን።