ያልመጡት ስድስት ልጆች

አንኮበር ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው አገሩ ድንገት ከእግሩ ሥር ይከዳዋል። ገደሉ ሥር የአልዩ አምባ ገበያ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። በ1831 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁለት ጀርመኖች ከታጁራ ተነሥተው ያንን ቆላ አቋርጠው ሽቅብ ወጡ። ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላሉ። የላካቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ሲሆን ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የፈለጉት ትምህርት ቤት የመክፈት ፈቃድ ነበር።

ንጉሡ በደግ ፊት ተቀበሏቸው። ክራፍ በኋላ እንደጻፈው፣ ለሙከራ ስድስት ልጆች እንደሚሰጧቸው ቃል ገቡ። ልጆቹ ግን አልመጡም። ከመንፈሳዊ መምህር ይልቅ ሐኪም፣ ግንበኛና ቀጥቃጭ እንደሚያስፈልጋቸው ንጉሡ አስታወቁ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ሣህለ ሥላሴን ለትምህርት ግድ የሌላቸው ሰው አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። እኔ አልቆጥርም። የንጉሡ ከተማ አንኮበር የቸገራት የጠመንጃ ጠጋኝ እንጂ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው አልነበረም፤ ለዚያ በየደብሩ የኔታ ነበሩ።

የአጥቢያው ልጅ ጠዋት ከቤቱ ወደ የኔታ ይመጣል፤ ሲመሽ ወደ እናቱ ይመለሳል። ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የመንደሩ ውሻ የሚያሳድደውም እሱን ነው። ትንሹ ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ያልፋል። ግዕዝ ንባቡን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ሲጨርስ ዳዊት ይገባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ አቅማቸው እንደፈቀደ ዳቦ ይደፋሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፤ የኔታም ይመርቁታል። የመምህሩ ቀለብ ከመንደሩ ነው። የልጁ ቅጣትም እንደዚያው የመንደሩ ጉዳይ ነበር፤ ከየኔታ አለንጋ ሸሽቶ ቤቱ የገባ ልጅ አባቱ መልሶ ያመጣዋል።

ንባብ ማለት ታዲያ የግዕዝ ንባብ ነው። ሁለቱ ሚሲዮኖች በሣጥን ይዘው የመጡት ደግሞ የታተሙ የአማርኛ ቅዱሳት መጻሕፍት ነበሩ። ስድስቱ ልጆች ቢቀሩም ቤታቸው ሰው አላጣም፤ መጽሐፍ የሚሻ ደብተራ፣ የፈረንጅ ነገር የሚያስገርመው ወጣት ይመጣ ነበር። ከመጡት ጋር ወንጌል በአማርኛ ያነባሉ፣ ስለ ምድር ቅርጽና ስለ ሩቅ አገሮች ያስረዳሉ። ከእነዚህ እንግዶች ብዙዎቹ አስቀድመው በየኔታ እጅ ያለፉ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ወላጅ ልጁን ወደ ሚሲዮኖቹ ቤት ለመላክ ቢፈራ አይፈረድበትም። የሸዋ ካህናት በዚያ ዘመን በክርስቶስ ልደት ክርክር ተከፋፍለው ነበር፤ በሦስት ልደትና በሁለት ልደት ጎረቤት ከጎረቤት በሚካሰስበት ከተማ ጾም የማይጾምና ስለ እመቤታችን ሌላ የሚናገር መምህር ምን እንደሚባል ለመገመት አያዳግትም።

ኢዘንበርግ ኅዳር 1832 ዓ.ም. ሸዋን ለቆ ወጣ። ለንደን ሲደርስ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ማሳተሙ ብዙ ይነሣለታል፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን በአማርኛ ያዘጋጃቸው ፊደል ማስቆጠሪያና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ናቸው። መጽሐፉ ተገኘ፣ ተማሪው አልነበረም። ብቻውን የቀረው ክራፍ ኦሮምኛ እየተማረ የማቴዎስን ወንጌል ተረጎመ። መጋቢት 1834 ዓ.ም. እሱም በሰሜን በኩል ወጣ፤ ወሎ ላይ የአካባቢው ገዥ አዳራ ቢሌ ንብረቱን ሁሉ ገፈፈው። ወደ ሸዋ ሊመለስ ቢሞክርም ንጉሡ በሩን ዘጉበት።

ከስድስቱ ውስጥ ሴት ልጅ እንድትኖር ያሰበ አልነበረም። ሆኖም ክራፍ ሲወጣ ሰላ ድንጋይ ላይ የተቀበሉት የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነበሩ፤ በዚያ ወገን የሚያስተዳድሩትም እሳቸው። ሴት ፊደል የምትቆጥር ከሆነ በመኳንንት ወይም በካህን ቤት፣ ከአደባባይ ርቃ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የቆረቡት ጣይቱ ብጡልም ግዕዝ አንባቢ ነበሩ።

ምኒልክ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1899 ዓ.ም. ገደማ ዕድሜው ስድስት ዓመት ያለፈ ልጅ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ትምህርት ቤት ይግባ ብለው አዋጅ አስነገሩ። አያታቸው ለሚሲዮኖቹ የነፈጓቸው ስድስት ልጆችና ይህ ስድስት ዓመት መገጣጠማቸው ድንገት ነው፤ ግን ደስ ይላል። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ሆኑ። ሃይማኖታቸው ከእኛው ጋር አንድ ስለነበር የአንኮበሩ ሥጋት እዚህ መልስ አገኘ። ወንበሩን የያዙት ግን ወንዶች ብቻ ነበሩ። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1931 ነው።