ልጆችና ከብቶች፦ የሚያዝያ 2008 የጋምቤላ ወረራ

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል ኑዌር ዞን፣ በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች ያሉ መንደሮችን ወረሩ። መንግሥት መጀመሪያ የሟቾቹን ቁጥር 140 አለ፤ ቀናት ሳይቆዩ 208 ደረሰ። ከ100 የሚበልጡ ሕፃናት ታፍነው ተወሰዱ፣ ከ2 ሺህ በላይ የቀንድ ከብት ተነዳ። አገሪቱ ለሁለት ቀን ሰንደቅ ዓላማዋን ዝቅ አድርጋ አዘነች።

በዚያ ሰሞን የወጡ መግለጫዎች ሕፃናቱንና ከብቶቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደርበው ይቆጥራሉ። ይህን ማንበብ አንጀት ይበላል። ቢሆንም የወረራውን ሥርዓት እንደ እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች የገለጠ ጽሑፍ አላውቅም። በዚያ ምድር ከብት ሀብት ነው፣ ጥሎሽም ነው፤ ጎልማሳ ሚስት የሚያገባው ከብት ቆጥሮ ነው። የታፈነ ልጅ በአፋኙ ቤት እንደ ልጅ ሊያድግ፣ ወይም በከብት ሊለወጥ ይችላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ስትዳር ጥሎሿ ላሳደጋት ቤት ይገባል። ሕፃን ማፈን እዚህ ትርፍ ያለው ሥራ ነው።

ሙርሌዎች ልጅ ስለማይወልዱ የሰው ልጅ ይሰርቃሉ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። እኔ አልቀበለውም፤ መዝገቡ ሌላ ይላልና። በታኅሣሥ 2004 ከ6 ሺህ እስከ 8 ሺህ የሚገመቱ የሉ ኑዌር ወጣቶች ታጥቀው በደቡብ ሱዳን ፒቦር ባሉ ሙርሌዎች ላይ ዘመቱ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ሁለቱም ወገኖች ሴቶችና ሕፃናት አፍነው መውሰዳቸውን መዝግበዋል። ጥፋቱን በአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ ማላከክ የሚያፍኑትን እጆች ሁሉ ከተጠያቂነት ያድናል።

ድንበሩም ድርሻ አለው። ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በ1894 ዓ.ም. የተስማሙበት መስመር የባሮ፣ የፒቦርና የአኮቦ ወንዞችን ተከትሎ የኑዌርንም የአኝዋክንም ሕዝብ ለሁለት ከፈለ። ወንዝ ግን ከብት የሚነዳ ታጣቂን አያቆምም። በ2006 ደቡብ ሱዳን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስትገባ ደግሞ ማዶ የሚቆጣጠር ኃይል ጠፋ፣ ጠመንጃው በዛ።

ከወረራው በኋላ የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻገረ። ልጆቹ ግን በአብዛኛው የተመለሱት በድርድር፣ በማዶ ሹማምንትና ሽማግሌዎች በኩል ነው። በተለያየ ጊዜ፣ በትንንሽ ቡድን ወደ ጋምቤላ ገቡ።

ጉዳዩን የሙርሌና የኑዌር የቆየ ደም አድርገው የጻፉ ብዙ ናቸው። በመጋቢት 2009 ግን፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ታጣቂዎች እንደገና ተሻገሩ፤ 28 ሰው ገድለው 43 ሕፃናት አፍነው ሄዱ። በዚያን ጊዜ የተመቱት ጎግና ጆር የአኝዋክ ወረዳዎች ናቸው።