አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ፤ የኃይለኛ ሊምፎማዎች አመዳደብ ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የበሽታን ስም የሚያወጣው ግን ሐኪም ነው፤ ሐኪምም የሚሰይመው ባየው መጠን ነው። የሊምፎማ አመዳደብ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል።

ቶማስ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1832 ንፍፊታቸውና ጣፊያቸው አብጦ የሞቱ ሰዎችን ሁኔታ ለንደን ላይ ሲገልጽ፣ መሣሪያው የገዛ ዓይኑ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ዴኒስ በርኪትም በ1958 በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን እብጠት ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ያስተዋለው በዎርድ ውስጥ ባየው ነው። በፓቶሎጂ ክፍል ግን ዳኛው ማይክሮስኮፕ ነበር። የራፓፖርት አመዳደብ በ1966፣ የኪል በ1974፣ «ወርኪንግ ፎርሙሌሽን» የተባለውም በ1982 ተከታትለው ወጡ። ሁሉም በአብዛኛው የተመረኮዙት በሕዋሳት መጠን፣ ቅርጽና አደራደር ላይ ነበር።

ከነዚህ ኃይለኛ ሊምፎማዎች መካከል በብዛት የሚገኘው የተሠራጨ ባለ ትልልቅ ቢ-ሕዋስ ሊምፎማ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ቾፕ» በተባለው የአራት መድኃኒቶች ቅንብር ሲታከም ቆይቷል። በ1993 የታተመ ታላቅ ንጽጽር ከዚህ የበረቱ ቅንብሮች ምንም ብልጫ እንደሌላቸው አሳየ። በዚያን ጊዜ ከታማሚዎቹ ከመቶ 40 ያህሉ ይድኑ ነበር፤ የቀሩት ይሞቱ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሥር ግን የሁለቱ ቁራጭ ሥጋ አይለይም ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ሕክምናው ብቻ ሳይሆን ስሙም ነበር።

መልሱ በ2000 መጣ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የሚሠሩት አሽ አሊዛዴህ፣ ፓትሪክ ብራውን፣ ሉዊስ ስታውትና ባልደረቦቻቸው 18,000 ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮችን በመስታወት ላይ ደረደሩ። ከዕጢው የተገኘው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ተገልብጦ ቀይ ቀለም፣ የማነጻጸሪያው ናሙና ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። ሁለቱ በአንድነት መስታወቱ ላይ ሲፈስሱ የቀለሞቹ ሚዛን የትኛው ጂን በሥራ ላይ እንዳለ አመለከተ።

በዚህም አንድ ይመስል የነበረው በሽታ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው በንፍፊት ውስጥ ቢ-ሕዋሳት የሚባዙበትን ማእከል ሕዋሳት ይመስላል፤ ሁለተኛው ለሥራ የተቀሰቀሱትን። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያው ወገን ከመቶ 76፣ ከሁለተኛው 16 ብቻ ነበሩ። የታማሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለነበር ጥናቱ በ2002 በ240 ሰዎች ላይ ተደገመ። ልዩነቱ ወደ 60 እና 35 ጠበበ እንጂ አልጠፋም።

በ2006 የወጡ ሁለት ጥናቶች ደግሞ ወደ በርኪት ሊምፎማ ተመለሱ። በትልቅ ሕዋስ ሊምፎማ ስም ከተመዘገቡት ጥቂቶቹ በጂኖቻቸው በርኪት ሆነው ተገኙ። እነዚህ በቾፕ መሰል ሕክምና ብዙም አልተጠቀሙም፤ የሚሻላቸው የበረታው ሕክምና ነበር። ስለዚህ ስም መሳሳት የወረቀት ስሕተት ብቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ ውድ ነበር፤ በበረዶ የተጠበቀ ሥጋም ይሻ ነበር። በ2004 ክሪስቲን ሃንስና ባልደረቦቿ ሲ.ዲ. 10፣ ቢ.ሲ.ኤል. 6 እና መም 1 የተባሉትን ሦስት ፕሮቲኖች በፎርማሊን በቆየ ሥጋ ላይ በማቅለም ለመለየት የሚያስችል ቀላል መንገድ አቀረቡ። ፍጹም ባይሆንም ብዙ ላቦራቶሪዎች ሊደርሱበት የሚችሉት ሆነ። በ2016 የተሻሻለው የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብም ሁለቱ ወገኖች እንዲለዩ ጠየቀ።

መለየት ግን ማዳን አይደለም። ሪቱክሲማብ የሁለቱንም ወገኖች ዕድል አሻሻለ። ለሁለተኛው ወገን ይበጃል የተባለው ኢብሩቲኒብ በ2019 በወጣው ታላቅ ሙከራ በጠቅላላው የተጠበቀውን ጥቅም አላስገኘም። በ2018 የጂን ለውጦችን የመረመሩ ሊቃውንት ሁለቱን ወገኖች እንደገና ከፋፈሏቸው፤ ስም የማውጣቱ ሥራም ቀጠለ። ይሁንና የሥራው ሁሉ መነሻ ያው ነው፤ በሚገባ ተቆርጦ፣ ሳይዘገይ ፎርማሊን ውስጥ የገባ ቁራጭ ሥጋ። እርሱ ከተበላሸ የትኛውም መሣሪያ ትክክለኛውን ስም ሊያወጣ አይችልም።