የእግር ኳስ ቡድን አምበል አመራረጥ፦ ለቀበሌ፣ ለትምህርት ቤትና ለወጣቶች ቡድኖች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በደብረ ታቦር ከተማ፣ በጣራ ገዳምና በአዲስ ዘመን አካባቢ እንዲሁም በሌሎች የደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች ቡድን አቋቁመው በውድድር ለሚሳተፉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው አምበል ሲመረጥ ሊጤኑ የሚገባቸውን ጉዳዮች ማሳወቅ ነው።

የአምበል ኃላፊነት

በእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ አንቀጽ 3 መሠረት እያንዳንዱ ቡድን በሜዳ ላይ በክንዱ ላይ መለያ ያሰረ አምበል ሊኖረው ይገባል። ሕጉ ለአምበሉ የተለየ መብት አይሰጥም፤ ስለ ቡድኑ ሥነ ምግባር ግን በተወሰነ ደረጃ ኃላፊ ያደርገዋል። ዳኛን የሚሳደብ አምበል እንደማንኛውም ተጫዋች በቀይ ካርድ ይሰናበታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ፣ ስለ ውሳኔ ማብራሪያ ለመጠየቅ ወደ ዳኛው የሚቀርበው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። አሠራሩ ተጫዋቾች ዳኛውን እንዳይከቡ ይከላከላል። በአሠራሩ መሠረት አምበሉ ግብ ጠባቂ ከሆነ፣ ወደ ዳኛው የሚቀርብ ሌላ ተጫዋች አስቀድሞ ይሰየማል።

የመምረጫ መስፈርቶች

1. በተሸነፈበትና በተበደለበት ሰዓት ራሱን የሚገዛ፤
2. ቃሉን የቡድን ጓደኞቹ የሚሰሙት፣ ለዳኛውም በአክብሮት የሚናገር፤
3. በልምምድ የማይቀርና በአብዛኛው ጨዋታ የሚሰለፍ፤
4. ታናናሾቹንና ተቀያሪዎችን የማይንቅ።

አምበልነት ለጎል አግቢ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ኳስ ወይም ማሊያ ለገዛ ቤተሰብ ልጅ የሚከፈል ውለታም ሊሆን አይገባም። ከሁለት ቀበሌዎች በተውጣጣ ቡድን ውስጥ አምበሉ የአንዱ ወገን ተወካይ ሆኖ ከታየ፣ በሜዳ ላይ የሚነሳ ጥቃቅን ቅሬታ ወደ መንደር ጠብ ሊያመራ ይችላል።

ከታሪካችን

በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል በአስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በውድድሩ ከኮከብ ጎል አግቢዎች አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ቢሆንም፣ መለያውን ያሰረው ሉቺያኖ ነው። በፍጻሜው ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኗል፤ በ84ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን የአቻነት ጎል ያስቆጠረው አምበሉ ራሱ ነበር። ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች።

የአመራረጥ ሂደት

የጨዋታው ሕግ አምበሉን ማን እንደሚመርጥ አይወስንም። በተለምዶ የሚሰይመው አሰልጣኙ ነው። ይሁን እንጂ ተጫዋቾች በምስጢር ድምፅ ሐሳባቸውን እንዲሰጡና አሰልጣኙ ምክንያቱን ገልጾ እንዲወስን ይመከራል። አምበሉ ሲቀየር ወይም በካርድ ሲወጣ መለያውን የሚረከብ ምክትል አምበልም አብሮ ይመረጥ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ቢያዝ በኋላ ለሚነሳ ክርክር መልስ ይሆናል።

ቡድኖች ከመመዝገባቸው በፊት የሚሳተፉበትን ውድድር ደንብ ማንበብ፣ ማብራሪያ ሲያስፈልግም የወረዳቸውን ስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል።